ዮሴፍ አስተርጓሚውን ያስወጣ ዕለት

  የዛሬው ትምህርታችን ከኦሪት ዘፍጥረት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ቤታችሁ ካለ ምዕራፍ 42ን ገልጣችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ማንበብ የሚከብዳችሁ ልጆች እናታችሁ ወይም አባታችሁ ያንብቡላችሁ። ወላጆችም "ደክሞኛል፣ ነገ" አትበሉ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ባለፈው ቅዳሜ በትልልቆቹ ክፍል አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። "ለእናቱ ወይም ለአባቱ አስተርጉሞ የሚያውቅ እጁን ያውጣ" አልኩ። ከሁለት ልጆች በስተቀር ሁሉም እጃቸውን አወጡ። አንዷ ባንክ ቤት፣ አንዱ ሐኪም ቤት፣ ሌላው ስልክ ላይ ነው ያስተረጎመው። አንድ ልጅ ደግሞ "እኔ ፒዛ ሲታዘዝ" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እናንተ ይህን እንደ ቀላል ነገር ታዩት ይሆናል፤ ግን ቀላል አይደለም። የሁለት ሰው ነገር በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ሲያልፍ፣ ያ ሰው ትልቅ አደራ ይዟል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም በዮሴፍ ታሪክ መካከል አንድ አስተርጓሚ አለ። ስሙ አልተጻፈም፤ የተጠቀሰውም በአንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ዘፍጥረት 42፡23 ላይ። ዛሬ ይህን ሰው ይዘን እንሄዳለን።

የዮሴፍን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ያዕቆብ አሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ከሁሉም አስበልጦ ዮሴፍን ይወደው ነበር፤ ለእሱ ብቻም ያማረ ቀሚስ አሠራለት። (ወላጆች፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ፤ ወደ እናንተ እመለሳለሁ።) ዮሴፍም ቢሆን ምንም ያላጠፋ ልጅ አልነበረም። ዘፍጥረት 37፡2 ላይ እንደምናነበው የወንድሞቹን ጥፋት ለአባቱ ያመላልስ ነበር። በእኛ አነጋገር "አሳባቂ" ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ወንድሞቹ ሲሰግዱለት ያየውን ሕልም ለራሳቸው ነገራቸው። ታድያ እናንተ ብትሆኑ ደስ ይላችኋል?

አሁን ምዕራፍ 37 ቁጥር 4ን አንብቡ። ወንድሞቹ ከመጥላታቸው የተነሣ በሰላም ሊያናግሩት እንኳ አልቻሉም ይላል። በአማርኛ ለዚህ ነገር አንድ ጥሩ ቃል አለን፤ ኩርፊያ። "አኮረፈ፣ አኮረፈች፣ ተኳረፉ።" ኩርፊያ ጩኸት የለውም፣ ስድብ የለውም። አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ፣ ከአንድ ማዕድ እየበሉ አለመነጋገር ነው። በእንግሊዝኛ ምን ይባላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ልክ የሚገጥም ቃል አላገኘሁለትም። የዮሴፍ ቤት ችግር የጀመረው ከጉድጓዱ አይደለም፤ ከኩርፊያው ነው። ጉድጓዱ በኋላ መጣ። ወንድሞቹ ውኃ በሌለው ጉድጓድ ጣሉት፣ ተቀምጠው እንጀራ በሉ፣ ከዚያ ለነጋዴዎች በ20 ብር ሸጡት። ያን ጊዜ ዕድሜው 17 ዓመት ነበር።

ግብፅ ውስጥ የደረሰበትን፣ የጲጥፋራን ቤት፣ እስር ቤቱን፣ የፈርዖንን ሕልም ሌላ ቀን እንማረዋለን። ለዛሬ የሚያስፈልገን በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት መቆሙና በአገሩ ላይ መሾሙ ነው። ፈርዖን ስሙን ቀየረለት። ጸፍናት ፐዕናህ አለው፤ የግብፃውያን ልብስ አለበሰው፤ የግብፅ ሚስትም አጋባው። ትምህርት ቤት በሌላ ስም የምትጠሩ ልጆች ይህን ልብ በሉ። ዮሴፍም ሁለት ስም ነበረው። ልጆቹን ግን ምናሴና ኤፍሬም አላቸው፤ ሁለቱም በአባቱ ቤት ቋንቋ የወጡ ስሞች ናቸው።

ሰባት የጥጋብ ዓመት አለፈ። ረሃብ ገባ። አሥሩ ወንድሞች እህል ሊገዙ ከከነዓን መጡ። ሒሳብ ለምትወዱ፦ 30 ዓመት ላይ ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት ጨምሩ፣ ከረሃቡም ሁለት ዓመት ጨምሩ (ምዕራፍ 45 ቁጥር 6ን እዩ)፤ ወንድሞቹን ባቀፈበት ጊዜ 39 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር ማለት ነው። ከተሸጠ 22 ዓመት። እሱ አወቃቸው፤ እነሱ ግን አላወቁትም። እንዴት ይወቁት? ልብሱ የግብፅ፣ ስሙ የግብፅ፣ የሚናገረውም በአስተርጓሚ ነው!

እዚህ ላይ ነው ያ ስሙ ያልተጻፈ ሰው የሚመጣው። ዮሴፍ የወንድሞቹን ቋንቋ አሳምሮ ያውቃል፤ ግን አስተርጓሚውን በመካከል አቁሞ የማያውቅ መሰለ። ወንድሞቹም "ይሄ ሰውዬ አይሰማንም" ብለው በራሳቸው ቋንቋ ያወሩ ጀመር። (እናንተስ ሱቅ ውስጥ በአማርኛ ሰው አላማችሁም? እኔ አምቼ አውቃለሁ፤ ሰውየው ዞር ብሎ "ደህና ዋሉ" ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወድጄ ነበር።) ምን አሉ መሰላችሁ? "ይህ ሁሉ የመጣብን በወንድማችን ምክንያት ነው። ሲለምነን፣ ሲጨነቅ እያየን አልሰማነውም" ተባባሉ።

በአገራችን "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ" ይባላል። እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን የወጉት ናቸው፤ 22 ዓመትም አልረሱም። ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ዮሴፍ ከጉድጓዱ ውስጥ ሲለምን የነበረው ነገር በምዕራፍ 37 አልተጻፈም። ያንን ልመና ለመጀመሪያ ጊዜ የምንሰማው እዚህ፣ ከበደሉት ሰዎች አፍ ነው። ድምፁ ለካ ጆሯቸው ውስጥ ኖሯል። ዮሴፍም ያለ አስተርጓሚ ሰማቸው፣ ፊቱን አዞረ፣ አለቀሰ። ከዚያ ተመልሶ መጥቶ በአስተርጓሚ ማናገሩን ቀጠለ። ገና አልተዘጋጀም ነበር።

እዚህ ላይ ዮሴፍን ትንሽ እናቆየውና የአንድ ተማሪያችንን ታሪክ ልንገራችሁ። ልጁም እናቱም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም። "ማን ነው?" እያላችሁ እንዳትጠያየቁ!

ልጁ 12 ዓመቱ ነው። በዘወትር ትምህርት ቤቱ የወላጅና የአስተማሪ ስብሰባ ነበር። እናቱ እንግሊዝኛ ብዙም ስለማትችል እሱ ሊያስተረጉም አብሮ ገባ። አስተማሪዋ "አምስት የቤት ሥራ አላስገባም፤ ክፍል ውስጥም አይሰማም" አለች። እናቱ ወደ እሱ ዞረች። "ምን አለች?"

"ጎበዝ ነው፣ ብቻ ትንሽ ያወራል ትላለች።"

እናቱ ደስ ብሏት ፈገግ አለች፤ "ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ" እያለች የአስተማሪዋን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠች። አስተማሪዋ ግራ ገባት። ወደ ቤት ሲመለሱ እናትየው መንገድ ላይ መኪናዋን አቁማ ለልጇ አዲስ ጫማ ገዛችለት። እሱም ያንን ጫማ ማድረግ አቃተው። "ቲቸር፣ ጫማው ያየኛል" አለኝ። እንዲህ ያለ አማርኛ ማንም አላስተማረውም፤ ራሱ ፈጥሮት ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የውጤት ካርዱ በፖስታ መጣ። እናቱ ሥራ ቦታ ለምታውቃት ሴት አሳየቻት። ሴትየዋ አነበበችላት። እናትየውን የጎዳት የልጇ ውጤት አልነበረም። "አስተማሪዋ ልጅሽ ሰነፍ ነው ስትለኝ እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ስስቅ!" ነው ያለችኝ። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አልመታችውም፣ አልጮኸችበትም። ምሳ ዕቃውን ታዘጋጃለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ እራት ታቀርባለች፤ ግን አትናገርም። ኩርፊያ። ሦስት ቀን። እሱም ከመኝታ ቤቱ ሆኖ በስልክ "ሶሪ" ብሎ ጻፈላት፣ የሚያለቅስ ፊትም ጨመረበት። አነበበችው፤ መልስ አልሰጠችም። የአንድ ግድግዳ ርቀት እኮ ነው።

ቅዳሜ ወደ እኔ መጣ። "ቲቸር፣ አንቺ ንገሪልኝ። አንቺን ትሰማለች" አለኝ። ("እርስዎ" ማለትን ገና አልለመደም፤ የዚያን ቀን ግን አላረምኩትም።) እውነቱን ልናገር፣ እኔ ማስታረቅ እወዳለሁ። ሽማግሌ መሆን ማን ይጠላል? "እሺ" ልል አፌን ከፈትኩ። ግን በዚያው ጠዋት ያስተማርኩት ይህንኑ የዮሴፍን ታሪክ ነበርና አስተርጓሚው ትዝ አለኝ። ልጁን ችግር ውስጥ ያስገባው በመካከል ቆሞ ቃል ማቀበሉ ነው። አሁን ደግሞ እኔን በመካከል ሊያቆም ነው። "እስከ በሩ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ቃሉን ግን አንተ ትናገራለህ" አልኩት።

ወደ ግብፅ እንመለስ። ዮሴፍ ወንድሞቹን በቶሎ አልተገለጠላቸውም። ስምዖንን አስሮ ሌሎቹን ሰደደ፣ ብራቸውን በየስልቻቸው አስመለሰ፣ ታናሹን ብንያምን ካላመጣችሁ ፊቴን አታዩም አለ። ሲያመጡት ደግሞ የብር ጽዋውን በብንያም ስልቻ ውስጥ አስደበቀና "ሌባ!" አስባለው። ልጆች ሁልጊዜ "ለምን አስቸገራቸው? ሊበቀል ነው?" ብለው ይጠይቁኛል። መጽሐፉ የዮሴፍን ልብ ከፍቶ አያሳየንም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው። ዛሬም ቢሆን አባታቸው አስበልጦ የሚወደውን ወንድማቸውን ትተውት ይሄዳሉ ወይስ አይሄዱም?

መልሱን የሰጠው ይሁዳ ነው። ይሁዳ ማን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? ምዕራፍ 37 ቁጥር 26 እና 27 ላይ "እንሽጠው" ያለው እሱ ነው። አሁን ቀረብ ብሎ "ልጁን ልቀቀውና እኔ በእሱ ፈንታ ባሪያህ ልሁን፤ አባታችን ሲሞት ማየት አልችልም" አለ። ወንድሙን የሸጠው ሰው ራሱን ለወንድሙ ሊሸጥ ቆመ። ንስሐ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለትንንሾቹ ልጆች ማስረዳት ሲቸግረኝ ይህን ነው የምነግራቸው። ይሁዳ "ይቅርታ" የሚል ቃል እዚያ ላይ አልተናገረም፤ ግን ድሮ ያጠፋበት ቦታ ላይ መልሶ ቆመና በዚህኛው ጊዜ ሌላ ነገር አደረገ።

ዮሴፍ ከዚህ በላይ መቻል አቃተው። "ሰውን ሁሉ ከፊቴ አስወጡ" አለ። ሁሉም ወጣ። አስተርጓሚውም ወጣ ማለት ነው። ጮኾ አለቀሰ፤ የፈርዖን ቤት ሰዎች እስኪሰሙት ድረስ። ከዚያም ዮሴፍ እኔ ነኝ አላቸው፣ አባቴ ደህና ነው? ሲልም ጠየቃቸው። ደንግጠው መመለስ አቃታቸው። ትንሽ ቆይቶ የሚያናግራቸው የገዛ አፉ እንደሆነ እንዲያዩ ነገራቸው (45፡12)። በመካከል ማንም የለም። 22 ዓመት ያልተናገረው ቋንቋ አልጠፋበትም። እናንተ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ የምትረሱ ልጆች ምን ትላላችሁ?

አሁን ምዕራፍ 45 ቁጥር 15 ላይ ጣታችሁን አድርጉና ምዕራፍ 37 ቁጥር 4ን በሌላ እጃችሁ ያዙ። በአንዱ ቦታ በሰላም ሊያናግሩት አልቻሉም። በሌላው ዮሴፍ ወንድሞቹን ሁሉ ሳማቸው፣ አለቀሰ፣ ከዚያም በኋላ ወንድሞቹ ከእሱ ጋር ተጨዋወቱ። ኩርፊያው የተፈታው በዚያች ሰዓት ነው። ሠረገላውም፣ አዲሱ ልብስም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ ዮሴፍ አባታቸውን እንዲያመጡ ሲሰዳቸው መንገድ ላይ እንዳይጨቃጨቁ መከራቸው (45፡24)። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ወንድሞቹን ያውቃቸዋላ! ሮቤል "እኔ ነግሬያችሁ አልነበረም?" ማለት ቀደም ብሎ ጀምሮ ነበር (42፡22)። ከዕርቅ በኋላ "ጥፋቱ የማን ነበር?" ብሎ እንደገና መጀመር በእኛም ቤት አለ።

ተማሪያችንስ? ከምሽቱ ትምህርት በኋላ እናቱ ልትወስደው መጣች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነበር። እስከ በሩ ሸኘሁትና ቆምኩ። እሱ ጠጋ አለ።

"እማዬ፣ አጥፍቻለሁ። ያን ቀን አስተማሪዋ ያለችውን ገልብጬ ነው የነገርኩሽ። ፈርቼ ነው። ይቅር በለኝ።"

እናቱ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ "ይቅር በይኝ ነው የሚባለው" አለችው። ለሴት ነዋ! እሱም "ይቅር በይኝ" አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም ደህና አላየሁትም፤ መነጽሬን እየጠረግሁ ነበር።

እስቲ ይህን ቃል እንየው። "ይቅር" የሚለው "ቀረ" ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ነገሩ ይቅር፣ ይተው፣ ከእኛ ጋር አብሮ አይሂድ ማለት ነው። "ይቅር በለኝ" ስንል የተበደለው ሰው ያንን ቃል እንዲልልን መለመናችን ነው። አያችሁ? በእንግሊዝኛ "ሶሪ" ብሎ መሄድ ይቻላል፤ ሰው ሲገፉም፣ ሲያስነጥሱም "ሶሪ" ነው። "ይቅር በለኝ" ሲል ግን የበደለው ሰው ቃሉን ለራሱ ሊናገረው አይችልም። ሌላው ሰው እስኪመልስለት ቆሞ መጠበቅ አለበት። ለዚህ ነው የሚከብደው። ለወንድ ይቅር በለኝ፣ ለሴት ይቅር በይኝ፣ ለብዙዎች ይቅር በሉኝ፣ ለምታከብሩት ታላቅ ሰው ይቅር ይበሉኝ። መልሱም ይቅር ብዬሃለሁ ወይም ይቅር ብዬሻለሁ ነው። ታላላቆቻችን ደግሞ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ይላሉ፤ ለእሱ ብዬ ተውኩት ማለታቸው ነው።

ጌታችንም ማቴዎስ 18፡15 ላይ ያስተማረው ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ወንድምህ ቢበድልህ አስቀድመህ ብቻህን ሆነህ እሱን ብቻውን አነጋግረው ይላል። ለጓደኛ አይደለም፣ ለክፍሉ ልጆች ሁሉ በስልክ መላክም አይደለም። ማቴዎስ 5፡23 እና 24 ላይ ደግሞ መባ ይዘህ ስትመጣ ወንድምህ የተቀየመህ መሆኑ ትዝ ካለህ መባህን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። የተቀየምከው አንተ ብትሆንም፣ የተቀየመህ እሱ ቢሆንም፣ በሁለቱም ቦታ "ሂድ" የተባልከው አንተ ነህ! አንድ ልጅ "እንዲህ ከሆነ መንገድ ላይ እንገናኛለን" አለኝ። ልክ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም ኤፌሶን 4፡26 ላይ ፀሐይ በቁጣችን ላይ እንዳትጠልቅ ይመክረናል። እዚህ አገር በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ያን ጊዜ እናቶቻችሁ ገና ሥራ ላይ ናቸው። ቢሆንም ገባችሁ አይደል? ሦስት ቀን አታድርሱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ስሙኝ። ብቻህን ሂድ የተባለው ሁልጊዜ ለሁሉም ነገር አይደለም። የሚመታችሁ፣ የሚያስፈራራችሁ ወይም "ለማንም እንዳትናገሩ" የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ልጅም ይሁን ትልቅ ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ብቻችሁን ልታናግሩት አትሂዱ። ለእናት፣ ለአባት ወይም ለአስተማሪ ዛሬውኑ ንገሩ። ይህ አሳባቂነት አይደለም። ይቅርታም እየተመቱ ዝም ማለት አይደለም።

ወደ ልጁ ታሪክ ልመለስ፤ ምክንያቱም አላለቀም። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ስብሰባ ተጠራ። እናቱ ቀደም ብላ ትምህርት ቤቱን አስተርጓሚ ጠየቀች። (ወላጆች፣ ይህን ልብ በሉ። እዚህ አሜሪካ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቀደም ብላችሁ ከጠየቃችሁ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ያዘጋጃሉ፤ በአካል ካልተገኘም በስልክ። ልጅን በራሱ ጉዳይ ላይ አስተርጓሚ ማድረግ ለልጁም ፈተና ነው። በሐኪም ቤትም እንዲሁ፤ ስለ እናቱ ሕመም ልጅ መስማትና መናገር የለበትም።) ልጁ ግን ተከፋ። "ይቅር ብዬሃለሁ ብላኝ ነበር፤ ታድያ ለምን አታምነኝም?" አለ።

ከባድ ጥያቄ ነው። እኔ የመለስኩለት እንዲህ ነው፦ ይቅር ማለት በአንድ ቀን ይሆናል፤ መታመን ግን እንደ ሂሳብ ደብተር በየቀኑ ይሞላል። ዮሴፍም ወንድሞቹ የተለወጡ መሆናቸውን እስኪያይ ቆይቷል። እናትህ በአንተ ላይ ቂም አልያዘችም፤ ቂም ያለው ሰው ምሳ ዕቃህ ውስጥ የምትወደውን ዳቦ አይጨምርም። ደስ አላለውም፤ ግን ሰማኝ። ባለፈው ወር አንድ ደብዳቤ ከመኪና ኢንሹራንስ መጥቶ እናቱ "እስቲ አንብብልኝ" እንዳለችው ሲነግረኝ ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ነበር።

አሁን ወላጆች፣ ወደ እናንተ ልመለስ ብዬ ነበር። እናትየው ከሁሉም በላይ ያልረሳችው "ፈርቼ ነው" የሚለውን ቃል ነው። "ልጄ የዋሸኝ እኔን ፈርቶ ነው?" ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ አደረች። ለካ በየቀኑ "የአክስትህን ልጅ አታየውም?" ትለው ኖሯል። ለክፋት አልነበረም፤ እኛም ያደግነው እንዲህ እየተባልን ነው። ያዕቆብም ለክፋት አልነበረም ያንን ቀሚስ ያሠራው። ግን አንዱን ልጅ ከሌላው ማስበለጥ በራሱ በያዕቆብ ልጅነት ቤት ምን እንዳመጣ ያውቅ ነበር፤ ይስሐቅ ዔሳውን ሲወድ ርብቃ ያዕቆብን ትወድ ነበርና። ኤፌሶን 6፡4 ላይ አባቶች ልጆቻችሁን አታስቆጡ የተባለው ለእኛ ነው።

በማግስቱ ያቺ እናት ልጇን ቁጭ አድርጋ "እኔም ከሰው ጋር እያወዳደርኩ አስፈርቼሃለሁ፤ ይቅር በለኝ" አለችው። በእኛ ባህል ወላጅ ልጁን ይቅርታ መጠየቅ አልተለመደም። "ክብሬ ይቀንሳል" የሚሉ አሉ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፤ አሁን አላስብም። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ስለ እናቱ ያወራው እንደ ንግሥት ነው።

አንድ የመጨረሻ ምዕራፍ አለ፤ ብዙ ሰው ሳያነብበው ያልፋል። ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖረና ሞተ። ዮሴፍ በአባቱ ቤት ከመሸጡ በፊት የነበረበትም 17 ዓመት ነው፤ ደስ አይልም? አባታቸው እንደሞተ ወንድሞቹ "አሁን ይበቀለናል" ብለው ፈሩ። 17 ዓመት ሲመግባቸው ኖሮ! ራሳቸው መምጣት ስላልደፈሩ መልእክት ላኩ፦ አባትህ ከመሞቱ በፊት ይቅር በላቸው ብሎ ነበር የሚል። እንደገና መካከለኛ። ዮሴፍ ያንን ሲሰማ አለቀሰ (50፡17)። ለምን ያለቀሰ ይመስላችኋል? ወንድሞቹ ከዚያ በኋላ ራሳቸው መጡ። እሱም አትፍሩ፣ እኔ በእግዚአብሔር ቦታ ነኝን? አላቸው፤ እነሱ ክፉ ቢያስቡበትም እግዚአብሔር ለመልካም እንዳደረገው ነገራቸው፣ አጽናናቸው፣ ልባቸውንም በሚያረጋጋ ቃል አናገራቸው።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የቤት ሥራ። ትንንሾቹ "ይቅር በለኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" የሚለውን ሦስት ሦስት ጊዜ በደብተራችሁ ጻፉ፤ ማንን እንዲህ እንደምትሉም ከጎኑ ሥዕል ሣሉ። ትልልቆቹ ዘፍጥረት ከ42 እስከ 45 አንብባችሁ ዮሴፍ ስንት ጊዜ እንዳለቀሰ ቁጠሩ፤ ምዕራፍ 43ን እንዳትዘሉ። ዮሴፍ በምዕራፍ 50 ለምን እንዳለቀሰም በአማርኛ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ወላጆች ደግሞ ከሰው ጋር ተጣልታችሁ የታረቃችሁበትን አንድ ታሪክ በእራት ሰዓት ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ እነሱ ክፍል ውስጥ በአማርኛ ይነግሩናል። ያልታረቃችሁበትም ከሆነ ይነገር፤ አናፍርም።

ባለፈው ሳምንት ደብተር ሳይይዙ የመጡ አራት ልጆች ራሳቸውን ያውቃሉ። ደህና ሰንብቱ።